ቢጫዋ ኮረብታውን እያየች ነው?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 20

ቢጫዋ ቁልቋላችን ወደቀች።  ንጋት ላይ ነፋሱ ጋብ ሲል ነው የሰማሁት፤ እህል የሞላ ጆንያ ከጋሪ ላይ ሲወረወር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ስወጣ በረንዳውን ለጥቂት ስታ መሬት ላይ ተዘርግታለች። ክንዶቿ ተሰባብረዋል፣ ግንዷ ውስጡ ጠቁሯል፣ ውሃዋ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል።

እዚህ መንደር ፒታዮ የሚባለው ረጅም ቁልቋል ያልተተከለበት ግቢ የለም። ቀይ ፍሬ የሚሰጠው ሞልቷል፣ ወይን ጠጁም አለ፣ ነጩም ሁለት ሦስት ቤት አይጠፋም። ቢጫ ፍሬ የምትሰጥ ቁልቋል ግን ያለችው እኛ ግቢ ብቻ ነው። አባባ ከእናታቸው ግቢ ክንድ ቆርጠው አምጥተው ነው የተከሏት፤ እናትየዋ ቁልቋል ከደረቀች ደግሞ ዘመን የላትም። ይቺ ካለቀች ቢጫ ፒታያ የሚባል ፍሬ ወሬ ሆኖ ይቀራል። የጎረቤታችን ዶን ሬሚሂዮ ድሮም ቢሆን የአባባን ስም ጠርተው፣ የሜሊቶን ቢጫ ማለት ያልበሰለ ቀይ ነው እያሉ ገበያ ላይ ሰው ያስቃሉ።

አባባ በትራቸውን እያስቀደሙ ወጡ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ግንዱን በበትር ነካ ነካ አደረጉና፣ «ኤቮዲዮ ቢኖር ኖሮ» አሉ።

ኤቮዲዮ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ጓዳላሃራ ከተማ የጎማ ሱቅ አለው፣ በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላል። እኔ አለሁ አባባ አልኳቸው፤ አልመለሱልኝም። አልከፋኝም። ደንግጠው ነው።

ድሮም አንገቷን ወደ በረንዳው የጣለች ዛፍ ነበረች። ለምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ጠይቄ ነፋስ ነው ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም።


ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 21

ቆረጥኩ። እኔ ራሴ፣ በዚህ እጄ!

አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አዘዙ፣ እኔ ከወደቀችው ላይ ጤነኛ ክንድ ፈለግሁ። የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ቁመቴን ያህላል፣ ሌላው አጠር ይላል። ቢላው ከመንካቱ በፊት ግን ምልክት መደረግ አለበት። ፒታዮ ከተወለደ ጀምሮ ኮረብታውን የሚያየው ጎኑ የከሰዓት ፀሐይ ሲጠብሰው ስለኖረ ቆዳው ይጠነክራል፤ በወዲያኛው በኩል ያለው ቆዳ ግን እንደ ሕፃን ገላ ነው። ተከላው ላይ ዞሮ ከተገኘ ለጋው ጎን ፀሐዩን ይጋፈጥና ይቃጠላል። ስለዚህ በኮረብታው በኩል የኖራ መስመር ይሰመርበታል። እዚህ ልጅ ሳይጠመቅ ይከርም ይሆናል እንጂ ክንድ ሳይቀባ አይቆረጥም።

መስመሩን ያሰመሩት አባባ ናቸው፤ ለዚህስ ዓይን አያስፈልጋቸውም። ነፋሱ ሳይጥላት እንዴት ቆማ እንደነበር ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጣታቸውን ኖራው ውስጥ ነክረው ከጫፍ እስከ ታች ሳቡት። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ባልዲ ያዥ ነበርኩ፣ ምልክቱን እሳቸው ያደርጋሉ፣ ቢላው የኤቮዲዮ ነበር። ዛሬ ቢላው እኔ ጋ መጣ። እንዲህ መደሰቴ ሲጻፍ ያሳፍራል፣ ቢጫዋ ወድቃ ለቅሶ ቤት ሆነናልና።

አሁን ሁለቱም በረንዳው ጥላ ሥር ቆመው ቁስላቸው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ጠባሳው እንደ ጫማ ሶል ሲጠነክር እንተክላለን። ውሃ የለም፣ ዝናቡ እስኪመጣ አንዲት ጠብታ እንዳታፈሺ ብለውኛል።


እሑድ፣ ማርች 3

ደህና ናቸው። ጠባሳው ነጣ ብሏል። ልብስ ስፌቱን ትቼ እየተነሳሁ ስዳብሳቸው ነው የምውለው፤ ትናንት የአንዱን ተማሪ የደንብ ልብስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። አበልጄ ፕላሲዳ፣ የክርስትና ልጄ እናት ማለት ነው፣ መጥታ «አንቺ ልጅ ሳትወልጂ አራስ ሆንሽ» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ግን እውነቷን ነው።


ሐሙስ፣ ማርች 14

አጭሩ በሰበሰ። ዛሬ ስጫነው አውራ ጣቴ ገባበት። ሽታው። ዳር ወስጄ ጣልኩት። አባባ ስነግራቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። አንድ ቀረን። በዚህ ዓለም ላይ አንድ።


ዓርብ፣ ማርች 22

እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን! ከሕማማት በፊት መንደሩ ሁሉ የዛፍ ግንድ ኖራ ይቀባል፤ ከጠዋት ጀምሮ ድምፅ ማጉያው ቤታችሁን አሳምሩ፣ እንግዳ ይመጣል እያለ ይለፈልፋል። እኔም ኖራውን ከጨውና ከበለስ ቅጠል ልጋግ ጋር በጠበጥኩት፣ እንዲህ ሲሆን ዝናብ አያጥበውም። ብርቱካኑን፣ ዘይቱኑን፣ የአበባ መደቡን ድንጋዮች፣ የልብስ ማጠቢያውን እግር ሁሉ አነጣሁት። ፕላሲዳ ከአጥር ማዶ፣ ድመቷን እንዳትቀቢያት አለችኝ።

ባልዲው ውስጥ ኖራ ተረፈኝ። ብሩሽ ይዤ ኖራ ሲተርፈኝ ማቆም አልችልም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ክንዷ ላይ ከጣሪያው ጠርዝ አልፎ የሚያርፍ ጨረር ስላየሁ፣ ኖራ ከፀሐይ ይጠብቃታል ብዬ እሷንም ቀባኋት። ከጫፍ እስከ ታች፣ ዙሪያዋን፣ በእሾሁ መሃል ሳይቀር። ሙሽራ መሰለች።

አባባ ከወንበራቸው፣ ዛሬ ኖራው በዛ መሰለኝ፣ ሽታው እኔ ድረስ መጣ አሉ። ግቢው አዲስ ሆነ አባባ አልኳቸው። ነገ እንተክላታለን። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም፣ ከደስታ ብዛት።


ቅዳሜ፣ ማርች 23

መስመሩ።

መስመሩን ቀባሁበት። ነጭ በነጭ ላይ።

በርጥብ ጨርቅ ልጠርገው ሞከርኩ፣ ሁለቱም አብረው ለቀቁ። ከሥሩ አረንጓዴ ነው፣ ዙሪያውን ያው አረንጓዴ፤ ወር ሙሉ ጥላ ሥር ቆሞ በእጅም አይለይም። አንዱ ጎድን ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ፀሐይ ያየው እሱ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ዞሬ ስመለስ ሌላኛው ጎድን ነው ቢጫ የሚለው። ፕላሲዳን ጠራኋት፣ ይሄኛው ነው አለች በሙሉ እምነት። ቆየት ብላ ደግሞ በሙሉ እምነት ሌላውን አሳየችኝ። የጠረግሁትን መልሼ ኖራ ቀባሁት።

አባባ መጡና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። «መስመሩን ወደ ኮረብታው አዙሪ።»

እሺ አልኩ። አዞርኩ። ወዴት እንዳዞርኩ እግዚአብሔር ይወቅ።

«አዞርሽ?»

«አዞርኩ አባባ።»

አፈር መለስኩ፣ በድንጋይ ደገፍኩ። እጃቸውን በእሾሁ መሃል አሳልፈው ቆዳዋን ዳሰሱ፤ ረጅም ጊዜ ዳሰሱ። ከዚያ ጣታቸውን አሽትተው ገቡ።


ሐሙስ፣ ማርች 28

ኤቮዲዮ ከነቤተሰቡ መጣ። ቤቱ ሞልቷል፣ የጾሙን የዳቦ ጣፋጭ፣ ካፒሮታዳውን፣ ሁለት ትሪ ጋግሬ በአንድ ቀን አለቀ። እሱ ገና በር ላይ ሳለ የጠየቀው ስለ ቢጫዋ ነው። ፎቶ አነሳት፣ ዞራት፣ ለምን ሁለንተናዋ ነጣ፣ የጓዳላሃራ ፋሽን እዚህ ደረሰ እንዴ አለኝ። ለፀሐይ ነው አልኩት። ነገሩ እንኳን ውሸት አልነበረም።

ራት ላይ፣ የተከላት ማነው ሲል አባባ እኔን «ኦቲ ናት» አሉ። በቃ፣ ሁለት ቃል። ኤቮዲዮም፣ በሚቀጥለው እኔን ጥሩኝ፣ አጣሞ ከመትከል ሁለት ሰዓት መንዳት ይሻላል ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ድስቱን ሳጥብ ነው ሳቁ የጠፋኝ። ኤቮዲዮ ክፉ ልጅ አይደለም። አባባ ለእሱ ሲሆን ድምፃቸው የሚለሰልሰው ስለሚናፍቃቸው ነው፤ እኔ ሁልጊዜ አለሁ፣ ያለ ሰው አይናፈቅም።

ከተከልናት ወዲህ አባባ አዲስ ልማድ አምጥተዋል። ፀሐይ ስትገባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠይቁኛል፤ ኮረብታውን እያየች ነው? እያየች ነው እላለሁ። ከዚያ ባቄላቸውን ይበላሉ።


ሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ፀሐይ ተጋረደች! ቀትር ገደማ ብርሃኑ እንደ አሮጌ መስታወት ደበዘዘ፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ወጡ፣ ውሾቹ ዝም አሉ። ፕላሲዳ ነፍሰ ጡር ምራቷን ፅንሱ እንዳይጎዳ ሆዷ ላይ የብረት መርፌ ቁልፍ አስደርጋ ቤት ቆልፋባት ነበር። እኛም እንደ ሁሉም ሰው ፍሬያቸው እንዳይረግፍ ዛፎቹ ላይ ቀይ ጥብጣብ አሰርን። ለቢጫዋ የልብስ ስፌቴን ምርጥ ሳቲን ነው ያሰርኩላት፣ ፍሬ ባይኖራትም።

አባባ ጥብጣቡን በየት በኩል ቋጠርሽላት አሉኝ። በኮረብታው በኩል አልኩ። «እህ» አሉ። የእሳቸው እህ ብዙ ዓይነት ነው፤ ይሄኛውን ሰምቼው አላውቅም።

እስካሁን ምንም አልሆነችም። ምናልባት ዕድሌ ቀንቶኝ በትክክል ዞራ ይሆናል። ለምን አይሆንም? ሃምሳ ሃምሳ ነው። በየቀኑ እየሄድኩ ቆዳዋን አያለሁ፣ በየቀኑ ደህና ናት፣ በየቀኑ ልቤ ይዘላል።


እሑድ፣ ኤፕሪል 21

መከር ገባ። ገና ጎህ ሳይቀድ ሰው ሁሉ የሸምበቆ ዘንጉን ይዞ ፒታዮው ሥር ነው። እኔ እለቅማለሁ፣ አባባ በረንዳው ላይ ሆነው በጣታቸው እየዳሰሱ ብቻ እሾሁን በቢላ ይገፋሉ፣ አንድም አይስቱም። ፍሬው አልፋልፋ በተነጠፈበት ቅርጫት ይደረደርና ፀሐይ ሳትበረታ ወደ መንገዱ ይወጣል። እጄ እስከ ክርኔ ቀይ ነው። ዘንድሮ የመጣው አዲሱ ሐኪም ቅርጫት ሙሉ ቀይ ፒታያ በልቶ በማግስቱ ሽንቱ ደም መሰለውና ራሱን ሆስፒታል ሊያስተኛ ነበር አሉ፤ መንደሩ ሲስቅ ሰነበተ።

ዶን ሬሚሂዮ መንገዱ ላይ ቅርጫታቸውን ከእኔ አጠገብ ዘረጉና፣ በመንገደኛ ሁሉ ፊት፣ «ኦቲሊያ፣ ቢጫውን ዘንድሮም ወሬውን ብቻ ነው የምትሸጪልን?» አሉኝ። ፊቴ ነደደ። ቆዩኝ፣ ዝናቡ ሳይገባ እጅዎ ላይ አኖረዋለሁ አልኳቸው። ምን እንዳናገረኝ እንጃ። ሥር እንኳን ይኑራት አይኑራት የማላውቅ ሰው።


ሐሙስ፣ ሜይ 2

እንቡጥ! እንቡጥ አወጣች! ጠዋት ሳያት እሾሁ መሃል አንድ ሽንብራ የምታህል፣ ቡናማ፣ አናቷ ቀላ ያለ። ጮህኩ መሰለኝ፣ ፕላሲዳ እባብ ነው ብላ መጥረጊያ ይዛ ሮጠች።

ሁለታችንም ዙሪያዋን እየጨፈርን ሳለ ነው ቀስ ብሎ የገባኝ። እንቡጥ የሚወጣው ፀሐይ ሲጠግብ በኖረው ጎን ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። እንቡጧ ያለችው ግን ከኮረብታው በተቃራኒ፣ በበረንዳው በኩል ነው።

ለጋው ጎን ኮረብታውን እያየ ነው። ገልብጬ ተክያታለሁ።

ፕላሲዳም ገባት፤ መጥረጊያዋን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች። 


እሑድ፣ ሜይ 5

ላዙራት? ሥር አውጥታ ከሆነ ይበጠሳል። ልተዋት? ሜይ ነው፣ ድንጋዩ እንኳን ይሰነጠቃል። በኮረብታው በኩል ዛሬ አንድ ምልክት አየሁ፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ካውያ የረሱ ይመስል ቢጫ ቡናማ ጠባሳ። መዳፌን አያክልም። ገና አያክልም።

እንቡጧም መቆረጥ አለባት፤ ሥሩ ያልያዘ ክንድ ፍሬ ከተሸከመ ያለችውን ውሃ ለፍሬው ሰጥቶ ራሱ ይደርቃል። አውቃለሁ። አውቃለሁ አልኩ። ግን ደግሞ ከአበባዋ ፍሬ ብትይዝ፣ ያቺን አንዷን ፍሬ በሰው ፊት ብሰነጥቃት፣ ውስጧ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ቢታይ! የዶን ሬሚሂዮን ፊት አስቤ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ሳቅሁ። ነገ እቆርጣታለሁ።

አባባ ማምሻውን እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። እያየች ነው አልኩ። ድምፄ ተንቀጥቅጧል መሰለኝ፣ ብርድ ነው ወይ አሉኝ። በሜይ።


ሐሙስ፣ ሜይ 9

አልቆረጥኳትም። አድጋለች፣ የአውራ ጣቴን ጫፍ ታህላለች።

ግን መላ አገኘሁ! ከተማሪዎች የደንብ ልብስ ቀሚስ የተረፈኝን ዳማ ዳማ ሰማያዊ ጨርቅ ገጣጥሜ፣ ከአራት ሸምበቆ ጋር ወጥሬ በኮረብታው በኩል ጥላ አቆምኩላት። ስፌቱን ደርቤ ነው የሰፋሁት፣ ነፋስ አይቀደውም። ለምን ቀደም ብሎ አልታየኝም! ፀሐዩ ጨርቁ ላይ ያርፋል፣ እሷ ከኋላ ትቀዘቅዛለች። ጠባሳው ካልሰፋ ዝናቡ ድረስ ትደርሳለች።

ፕላሲዳ አየችና፣ ትምህርት ቤት አስገባሻት እንዴ አለች። እስክትታመም ሳቀች። ዶን ሬሚሂዮም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ ዣንጥላውስ፣ ጫማውስ አሉ። ስቀው ይሙቱ። ይህን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም።

አባባ ሳቁን ሰምተዋል። ምን እንደሆነ አልጠየቁም።


ዓርብ፣ ሜይ 10

የእናቶች ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ድምፅ ማጉያው ለእናቶች ዘፈን ያሰማል። ከአባባ ጋር ለእማማ አበባ ወሰድን። መቃብሯን ሳጥብ በሆዴ ሁሉንም ነገርኳት። ለአባባ ንገሪያቸው የምትል ይመስለኛል። እነግራቸዋለሁ፣ ጠባሳው ሲደርቅ።


ረቡዕ፣ ሜይ 15

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለበለዚያ ነገ ሕልም ይመስለኛል።

ዛሬ ሳን ኢሲድሮ ነው፣ የገበሬዎች በዓል። ትራክተሩ፣ በሬው፣ ፈረሱ ሁሉ በአበባና በወረቀት አጊጦ በደጃችን አለፈ፣ ቄሱ ጠበል ይረጫሉ፣ ሙዚቀኞቹ ከኋላ ናቸው። አጥራችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ያለፈው ሰው ሁሉ የቢጫዋን ዳማ ዳማ ጥላ አይቶ ሳቀ። አንዱማ ከፈረሱ ላይ ሆኖ፣ ትምህርቷን ጨረሰች ወይ ብሎ ጮኸ። አባባ በረንዳው ላይ ሆነው ኮፍያቸውን ለቅዱሱ አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

ሰልፉ አልፎ የበዓሉን የፍየል ወጥ፣ ቢሪያችንን፣ ከበላን በኋላ ጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ኦቲ፣ ሰዉ በምንድን ነው የሚስቀው?»

«በጥላው ነው አባባ። ለቢጫዋ ጥላ ሰፍቼላት ነበር።»

 ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል።

«ኮረብታውን የምታይ ፒታዮ» አሉ፣ «ባርኔጣ አያስፈልጋትም።»

እንባዬ ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ብሩሹን፣ የተረፈውን ኖራ፣ መስመሩን፣ አዞርኩ ብዬ የዋሸሁትን፣ በየማታው እያየች ነው ያልኩትን፣ ጠባሳውን። አሟጥጬ ነገርኳቸው። ያለችን አንዲት ክንድ ናት፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት፣ ኤቮዲዮ ቢሆን እንዲህ አያደርግም ነበር አልኩ። ይህን የመጨረሻውን ልለው አልነበረም።

ሲሰሙኝ ቆይተው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ኖራው የሸተተኝ ቀን ነው ያወቅሁት» አሉ። «በማግስቱ ስዳስሳት ሙሉዋን ኖራ ናት። ቅድመ አያቶቼ ሁሉ በመቃብራቸው ሳይነጡ አልቀረም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩኝም?»

«አንቺስ?»

 በትራቸውን ወደ ግቢው ቀሰሩ፣ አሮጌዋ የነበረችበት ባዶ ቦታ ላይ።

«ያቺ የወደቀችው መቼ የተተከለች ይመስልሻል?»

ድሮ ነው ሲሉን ነው የኖሩት አልኳቸው።

«አንቺ የተወለድሽ ቀን ነው። ክንዷን ከእናቴ ግቢ ተሸክሜ መጥቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስደርስ አዋላጇ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ሴት ናት አለችኝ። ምልክቱን ማን ያያል? ከተትኳት፣ አፈር መለስኩባት፣ በጭቃ እጄ ሮጬ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ወጥቼ ሳይ መስመሩ በረንዳውን ያያል።»

«አላዞሯትም?»

«ፈራሁ። ፀሐይ ለበለባት፣ አኮረፈች፣ ስድስት ዓመት አንድ ፍሬ አልሰጠችኝም። አባቴ በፍሬ አልባነቷ እየሳቀብኝ ነው የሞተው። ለማንም አልተናገርኩም፤ አንገቷን ስትጥል እንኳን ነፋስ ነው እል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስትሰጥ ነው የኖረችው፣ በልተሽዋል።» እጄን ፈልገው ያዙት። «እኔ ደግሞ ጥላ ልስፋላት ብዬ አላሰብኩም። በመዝረክረኩ እኔን መሰልሽ፣ መላ በማግኘቱ እማማሽን።»

ሃምሳ ስምንት ዓመት ከእሷ ጋር ኖሬ፣ አብረን ልደት እንደምናከብር አላውቅም ነበር።

ትንሽ ቆይተው እንቡጥ አላት ወይ አሉኝ። አንድ አላት አልኩ።

«ለማን እያቆየሻት ነው? ለሬሚሂዮ?»

ሃፍረቴን ዋጥ አድርጌ ተነሳሁ። ቁረጪያት አላሉኝም፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። እንቡጧን በጥፍሬ ቀንጥሼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። አሸተቷት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሷት፣ ከዚያ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት። ዶን ሬሚሂዮ ዘንድሮም ቢጫ አያዩም። ከፍቶኛል፣ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ከፍቶኛል። ግን ደግሞ እንደ ላባ ቅልል ብሎኛል፣ ሁለቱም አንድ ላይ።


እሑድ፣ ጁን 2

ምድሩ ትኩሳት ይዞታል። ጠባሳው እስከ ሁለት ጎድን ሰፋ፣ ከዚያ ቆመ። ዳሩ ደርቋል። በቁሟ ቀጥናለች፣ ጎድኖቿ ወጥተዋል። ጨርቁን ሁለት ጊዜ ጠገንኩት። ዝናብ የለም። ሰማዩን ሳይ አንገቴ ታመመ።


ሐሙስ፣ ጁን 13

ደመና መጣ፣ ነጎደ፣ ሄደ። ዶን ሬሚሂዮ በአጥሩ በኩል አዩዋትና ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለዱም። «ትንሽ ብቻ ትታገስ» አሉ። ከቀልዳቸው ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።


ሰኞ፣ ጁን 17

ዘነበ! ቅዳሜ ማታ ጀመረ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ ግቢው በጭቃ ተሞላ፣ ልጆቹ መንገድ ላይ ተንከባለሉ። የመሬቱ ሽታ!

ዛሬ ከሰዓት ፀሐይ ብቅ ሲል ወጣሁ። አናቷ ላይ፣ እስከ ትናንት አሮጌ ግራጫ እሾህ ብቻ በነበረበት፣ አዲስ እሾህ አውጥታለች። ቀይ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጥፍር አያክልም። ሥር የሌለው ክንድ አዲስ እሾህ አያወጣም። አባባን እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸውና ጣታቸውን አናቷ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ብዙ ቆዩ። ዓይናቸው አያይም ይላሉ፣ ዛሬ ግን ሲያዩ አየኋቸው።

ወዲያው ኤቮዲዮ ደወለ። በጩኸት ነገርኩት። ደስ አለው፣ እውነት ደስ አለው፣ ከዚያ አባባን ስጪኝ አለኝ። ስሰማ፣ መጥቼ ላስተካክላት፣ ክረምት ሳይገፋ ላዙራት ይላቸዋል።

«አይሆንም» አሉት አባባ። «እዚህ ኦቲ አለች።»

ስልኩን መልሰው ሰጡኝ። ምንም እንዳልተናገረ ሰው ወንበራቸውን ፈለጉ። ድሮ ሁልጊዜ ወደ ኮረብታው ዞሮ ነበር የሚቀመጠው፤ ዛሬ ግን ወደ ቢጫዋ አዙሪልኝ አሉኝ። ጥላውን አነሳሁት፣ በደመናው አያስፈልጋትም፣ አጥቤ አጥፌዋለሁ። ፀሐይ ስትገባ ጥያቄያቸውን ጠበቅሁ።

«ማንን እያየች ነው?»

«እኛን አባባ።»

«እንግዲያው ኖራ አምጪ።»

ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በጣሳ በጥብጬ አመጣሁ፣ ብሩሹንም ይዤ።

«ብሩሹን አስቀምጪ» አሉ። «በጣትሽ። በእኛ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር። ከእኔና ካንቺ በኋላ የሚቆርጣት ሰው ፊቷ ወዴት እንደሆነ እንዳይሳሳት።»

ጣቴን ነከርኩ። ከቀዩ እሾህ ጀምሬ እስከ ድንጋዩ ድረስ ሳብኩት። መሃል ላይ እሾህ ስሸሽ ትንሽ ጠመመ፤ እሳቸው በጣታቸው ተከትለው ዳሰሱት፣ ጠመም ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ አለፉ።

«ደህና ነው» አሉ።

ኖራው እስካሁን ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። ነገ የምሰፋው የነጭ ሸሚዝ አንገት ስለሆነ ግድ የለም።